ታማዳው ሳይናገር አይጠጣም

ትብሊሲ ላይ ለበዓል ወይን ከሱቅ የሚገዛ ሰው ወይ የውጭ አገር እንግዳ ነው፣ ወይ ገጠር ዘመድ የሌለው ነው። ይህን የነገሩኝ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ዴዘርተር ባዛር ዋልነት የሚሸጡ እናት ናቸው፤ ነግረውኝም እንዳዘኑልኝ ሁሉ አንድ እፍኝ መረቁልኝ። የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ቀናት ቀርተውት ገበያው መፈናፈኛ አልነበረውም። እግራቸው የታሰረ ተርኪዎች ይንጫጫሉ። ዋልነት በማር ተጠብሶ የሚሠራው ጎዚናኪ በየትሪው ተቆራርጦ ተደርድሯል። በክር ተሰክቶ፣ በወይን ጭማቂና በዱቄት አጥሚት እየተነከረ የደረቀ ዋልነት፣ ቹርችኼላ የሚሉት፣ በየመደቡ ተንጠልጥሏል። ወይኑ ደግሞ በለስላሳና በማዕድን ውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ መሬት ላይ ቆሟል፤ ስም የለው፣ ዓመተ ምሕረት የለው፣ ዋጋው እንኳ በአፍ ነው።

በሆቴልና በመጽሔት የለመድኩት ምክር ሌላ ነበር። ዓሣ ከሆነ ነጭ፣ የበሬ ሥጋ ከሆነ ቀይ፣ ጣፋጩ ለመጨረሻ። ጆርጂያውያን ከ500 በላይ የወይን ዝርያ ያላቸው ሕዝብ ናቸውና ይህን ጨዋታ ከማንም በላይ ሊጫወቱት ይችሉ ነበር። በዓል ሲመጣ ግን የምሰማው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፦ «የማን ወይን ነው?» የአጎት ነው፤ የአማት ነው፤ የክርስትና አባቴ የጠመቀው ነው። የጠማቂው ስም ከታወቀ ዝርያውን የሚጠይቅ የለም፤ የአገሩ ሰው ከቀለሙና ከመንደሩ ያውቀዋል።

የገናን በዓል እንዳሳልፍ የጋበዘችኝ ትብሊሲ የምትማር የቴላቪ ልጅ ናት። አስተርጓሚዬም እሷው ነበረች። ገና ብዬ የጻፍኩት በእኛው አቆጣጠር ታኅሣሥ 29፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 የሚውለውን ነው፤ የጆርጂያ ቤተ ክርስቲያን በአሮጌው የዩልዮስ ቀመር ስለምትሄድ ልደትን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ታከብራለች። ጥምቀታቸውም ጥር 11 ነው። ጾማቸው ከእኛ ጾመ ነቢያት በአራት ቀን ዘግይቶ ኅዳር 19 ይገባል። ለበዓል ማዕድ ግን ትልቅ ጣጣ አለባቸው። መንግሥታዊው አዲስ ዓመት ጃንዋሪ 1 ነው፤ የዓመቱ ትልቁ ገበታ የሚዘረጋውም ያን ሌሊት ነው፤ ቀኑ ደግሞ ጾሙ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሠራዊት ይሰለፋል። ወጣቶቹ ተርኪውን ይበላሉ። አያት ባቄላ የሚመስለውን ሎቢዮ በዋልነት ይዘው ጥግ ይቀመጣሉ። በእኛ አገር ቢሆን ይህ ነገር ምን ያህል ጭቅጭቅ እንደሚያስነሣ እያሰብኩ እዚያ ግን ማንም ማንንም ሲገሥጽ አላየሁም። የሁለቱም ወገን ወይን ከአንድ ማንቆርቆሪያ ነው የሚቀዳው።

ወደ ልጅቷ አገር ወደ ካኼቲ የሄድነው በጎምቦሪ ተራራ በኩል ነው። መንገዱ በረዶ ስለነበረበት ሾፌሩ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ከላይ ሲታይ የአላዛኒ ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር የተገረዘ የወይን ግንድ ነው፤ ከማዶው የካውካሰስ ተራራ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። ከሸለቆው መካከል በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአላቬርዲ ካቴድራል ብቻውን ቆሟል። መነኮሳቱ ዛሬም ወይን ይጠምቃሉ።

የልጅቷ ቤተሰብ ቤት እንደገባን ከሳሎኑ በፊት ያሳዩኝ ማራኒውን ነው፤ ወይን የሚጠመቅበትን ቤት። ስገባ ባዶ ክፍል መሰለኝ። ወለሉ አፈር ነው፣ እዚህም እዚያም ክብ የድንጋይ ክዳን አለ። ወይኑ ከእግራችን በታች ነበር። ክቬቭሪ የሚሉት ዕቃ የእኛን ጋን ይመስላል፤ ልዩነቱ እጀታ የለውም፣ ታቹ እንደ እንቁላል ይሾላል፣ እስከ አፉም ድረስ መሬት ውስጥ ይቀበራል። አንዳንዱ ከአንድ ሺህ ሊትር በላይ ይይዛል። ውስጡን ሰም ይቀቡታል። ሲታጠብ ሰው ገብቶ በቼሪ ዛፍ ልጣጭ ይፈትገዋል። የአገሩ ሰዎች ይህን ሥራ ለ8000 ዓመት ያህል እንደያዙት ይናገራሉ፤ ይህ ደግሞ የጉራ ቁጥር አይደለም። ከትብሊሲ በስተ ደቡብ ጋዳችሪሊ ጎራና ሹላቬሪስ ጎራ በተባሉ ጥንታዊ ሰፈሮች በተገኙ ገሎች ላይ የወይን ቅሪት መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ተረጋግጧል። ዩኔስኮም አጠማመቁን በ2013 በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

የቤቱ ጌታ አጠማመቁን ሲያስረዱኝ በጫማቸው ጫፍ ክዳኖቹን እየነኩ ነበር። በካኼቲ ሥርዓት ነጩ ወይን ከተጨመቀ በኋላ ጭማቂው ብቻውን አይገባም። ልጣጩ፣ ፍሬው፣ የዘለላው ዘንግም ጭምር አብሮት ይገባል፤ ይህን አተላ ቻቻ ይሉታል፤ በኋላ ከእሱ የሚወጣውን አረቄም እንዲሁ። እየፈላ ሳለ በቀን ብዙ ጊዜ በረጅም ዱላ ይማሰላል። ፍሉ ሲበርድ ይከደንና በጭቃ ይመረጋል፤ እስከ ፀደይ አይነካም። ፍሬው በሾለው ታች ሲሰበሰብ ልጣጩ ከላዩ ይተኛበታል፤ በዚህ የተነሣ የፍሬው ምሬት ወደ ወይኑ ብዙ አይወጣም። ዕቃውን እንቁላል ያደረጉት ሰዎች ይህን አስበው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሲሠራ ግን ያምራል።

ከዚያ አንደኛውን ክዳን አለፉትና ከግድግዳው ጥግ ባለው ትንሽ ክዳን ላይ ቆሙ። «ይኼ የእኛ አይደለም» አሉ። ዜዳሼ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለክርስትናና ለዓመት በዓል ብቻ የሚከፈት። ስለ እኛ አገር ጠየቁኝ፤ ለቅዳሴ የሚሆነውን ዲያቆኑ በቤተልሔም ዘቢብ ዘፍዝፎ እንደሚጨምቀው ነገርኳቸው። ልጃቸው ስትተረጉምላቸው ክዳኑን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። ዘቢቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚዘፈዘፍ፣ ጭማቂው ይፈላ እንደሆነ፣ አንድ በአንድ መረመሩኝ። ወይን በእግር የሚረገጥበት አገር ሰው የደረቀ ፍሬ ውኃ ጠጥቶ ተመልሶ ወይን መሆኑ በጣም ገረማቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ5ኛው መግቢያ የኖረው የአኲሊያው ሩፊኖስ በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ የፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ ታሪክ ይተርካል። ተረኩ ሲያበቃ ምዕራፉን ቀይሮ የሚቀጥለው በምርኮ ወደ ጆርጂያ ሄዳ ያን ሕዝብ ስላሳመነችው ሴት ነው። ጆርጂያውያን ቅድስት ኒኖ ይሏታል፤ ከወይን ሐረግ አበጅታ በጸጉሯ ያሰረችው ነው የሚሉት መስቀል በትብሊሲው ሲዮኒ ካቴድራል ይገኛል። አክሱምና ጆርጂያ በአንድ መጽሐፍ ጎረቤት ምዕራፎች ናቸው። ይህን በማግስቱ ገበታ ላይ ስናገር ያገኘሁትን ጭብጨባ በሌላ ምንም ንግግር አላገኘሁም።

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆመን ነጋ። ማዕዱ፣ ሱፕራ የሚሉት፣ የተዘረጋው ጠዋት ነው።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ጠረጴዛው እንደማይራቆት ነው። አውሮፓ ውስጥ ምግብ በተራ ይመጣል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀርባል፤ ወይንም አብሮ ይቀየራል። እዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰፍራል። በዋልነት የተለወሰ ስፒናች፣ በዋልነት የተሞላ የተጠበሰ ደበርጃን፣ አይብ የተጋገረበት ኻቻፑሪ፣ ኮምጣጤ የገባ አትክልት፣ በወይን ጭራሮ ፍም ላይ የተጠበሰ ሥጋ፣ ከጉሪያ ክፍለ ሀገር የመጣች ምራት የጋገረችው ውስጡ የተቀቀለ እንቁላል ያለበት የገና ቂጣ። ቦታ ሲጠፋ ሰሐን በሰሐን ላይ ይደረባል። መካከሉን የያዘው ሳትሲቪ ነው፦ የተቀቀለ ተርኪ በቀዘቀዘ የዋልነት መረቅ። መረቁ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ የአብሽ ዘመድ የሆነ ቅመም፣ ደርቆ የተፈጨ ቢጫ አበባና ኮምጣጤ አለ። እንዲህ ያለ ገበታ ፊት ተቀምጦ «ለየትኛው ምግብ የትኛው ወይን?» ማለት ትርጉም የለውም። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ጉርሻ አይብ፣ በሚቀጥለው ሥጋ፣ በሦስተኛው ጨው የበላ ጎመን ይዟል። የሚያስፈልገው ከሁሉም ጋር የሚሄድ አንድ ወይን ነው።

እሱም አለ። ርካትሲቴሊ የሚባለው ነጭ ወይን ከልጣጩ ጋር ወራት ሲቆይ ነጭነቱን ይተውና የጠጅ ቀለም ይይዛል። አፍ ውስጥ ሲገባ እንደ ነጭ ወይን ቀላል አይደለም፤ እንደ ጠነከረ ሻይ ድድ ይይዛል። ለብቻው ስቀምሰው አልወደድኩትም፤ አሁንም ለብቻው ቢቀርብልኝ የምመርጠው አይደለም። ከሳትሲቪው በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ዋልነት ዘይታም ነው፤ ምላስ ላይ ይለጠፋል፤ ከሦስት ጉርሻ በኋላ ጣዕም መለየት ያቅታል። ወይኑ ውስጥ ያለው የልጣጩ መጎምዘዝ ያን ቅባት ይጠርገዋል፣ መምረሩም በቅባቱ ይለዝባል። አንዱ የሌላውን ጥፋት ያርማል። የዋልነት አገርና ልጣጭ የማይጥል ጠማቂ በአንድ ሸለቆ መኖራቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ሁለቱ ለብዙ ዘመን ሲተራረሙ የኖሩ ናቸው። በምዕራብ ጆርጂያ፣ በኢሜሬቲ በኩል፣ ልጣጩን በጥቂቱ ብቻ ይጨምሩታል፤ ወይናቸውም ቀለል ብሎ ይወጣል። የካኼቲ ሰዎች ስለዚያ ወይን ሲያወሩ ፊታቸው ላይ የማየውን ፈገግታ ጎንደሬ ስለ ሌላ አገር ጠላ ሲያወራ አይቼዋለሁ።

የሚጠጣው የዘንድሮው አይደለም፤ እሱ ገና ተመርጎ ተኝቷል። የአምናው ነው። ለምን ለበዓል እንደሚጠበቅ የገባኝም እዚያው ነው። ትልቅ ክቬቭሪ አንዴ ከተከፈተ አየር ይገባዋል፤ ወይ ቶሎ መጠጣት አለበት፣ ወይ ወደ ትንንሽ ዕቃ መገልበጥ አለበት። ለሁለት ሰው እራት የሚከፈት ነገር አይደለም። ትልቅ ገበታ ትልቁን ዕቃ ይጠብቃል፣ ትልቁም ዕቃ ሰው ይጠብቃል።

ከምግቡ ይልቅ ወይኑን የሚመራው ታማዳው ነው። በቤቱ ጌታ የተመረጠ የገበታ አለቃ ማለት ነው፤ ያን ቀን ታላቅ ወንድማቸው ነበሩ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር። ከሳቸው በታች ቀጂ አለ። የቀጂው ሥራ ብርጭቆ ሁሉ መሙላት ነው፤ የታማዳው ሥራ መቼ እንደሚጠጣ መወሰን ነው። በዚህ ገበታ ላይ ማንም ለራሱ አንሥቶ አይጎነጭም። ብርጭቆህ ፊትህ ሞልቶ ይቀመጣል፣ ትበላለህ፣ ታወራለህ፣ ከጠማህ ውኃ ትጠጣለህ። ታማዳው ሲነሡ ጸጥ ይባላል። ይናገራሉ፤ ሌሎችም በተራ ይጨምሩበታል፤ ከዚያ ይጠጣል። እንደገና ይቀዳል፣ እንደገና ይጠበቃል።

የመጀመሪያው ጽዋ ለእግዚአብሔርና ለሰላም ነው፤ ከዚያ ለዕለቱ በዓል፣ ለአገር፣ ለወላጆች፣ ለልጆች፣ ለእንግዳ እያለ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ለቅዱሳን ሁሉ ነው። ቅደም ተከተሉ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ለሞቱት የሚነሣው ግን የትም አይቀርም። ለሱ ወንዶቹ ቆሙ። አያት እንደተቀመጡ ከብርጭቆአቸው ጥቂት ጠብታ በዳቦ ላይ አንጠባጠቡ። ታማዳው የሟቾቹን ስም ሲጠሩ አልቸኮሉም፤ ስም ሲጎድል ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ሰው ያስታውሳቸዋል። ወዲያው ከዚያ ቀጥሎ የተነሣው ለሕፃናት ነበር። ሐዘኑ ገበታውን እንዳይውጠው የተደረገ ዘዴ እንደሆነ ልጅቷ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ጥሩ ታማዳ ከሙታን ጽዋ በኋላ ሰውን አያስቆይም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከወጥ ቤት በትልቅ ሳህን ላይ፣ አፉ ውስጥ ቅጠል ይዞ፣ የተጠበሰ የአሳማ ግልገል መጣ። ለካኼቲ ሰው የበዓል ዘውድ ነው። ኦርቶዶክስ ነኝ ብዬ ሌሊቱን አብሬያቸው ስቀድስ ስላደርኩ ማንም ይህ ችግር ይኖራል ብሎ አላሰበም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አሳማ እንደማይበላ ስናገር ቀጂው ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ። ታማዳው ግን ተነሡ። በአንድ ቀን የሚወለደውን ጌታ በተለያየ ማዕድ ስለሚቀበሉ ሁለት ሕዝቦች ለብዙ ደቂቃ ተናገሩ። በመጨረሻም «አላቬርዲ» ብለው ቃሉን ለእኔ አሳለፉልኝ። አላቬርዲ ሲባሉ የተጀመረውን ጽዋ ተቀብለው በራስዎ ንግግር መቀጠል ግዴታ ነው። የሩፊኖስን ታሪክ የተናገርኩት ያን ጊዜ ነው። አሳማው ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ፣ እኔ ፊት ያለው የተርኪ ሳህን ተሞላ፣ ነገሩ አበቃ።

ስለ መጠኑ እውነቱን ልናገር። ብዙ ይጠጣል። ቀኑ ሙሉ ተቀምጦ፣ ጽዋ በጽዋ ላይ፣ አንዳንዱም እስከ ጭላጩ። ቀንዱ ሲመጣማ መላ የለውም፤ ካንትሲ የሚሉት የበሬ ወይም የፍየል ቀንድ መቀመጫ ስለሌለው ሳይጨርሱ ማስቀመጥ አይቻልም። ያም ሆኖ በዚያ ገበታ ላይ የተንገዳገደ ሰው አላየሁም። የመጠጣቱን ፍጥነት የሚወስነው ጥማት ሳይሆን ንግግር ነው፤ ታማዳው ሰው ሲሞቀው ሲያዩ ንግግራቸውን ያስረዝማሉ፣ ወይ ዘፈን ያስነሣሉ፣ በሦስት ድምፅ የሚዘፈነው መዝሙር ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ማንም ቢሰክር ነውሩ የታማዳው ነው። እሳቸው ራሳቸው ከሁሉም እኩል እየጠጡ ከሁሉም በላይ ንቁ መሆን አለባቸው። የምንወደውን እንግዳ «በሞቴ፣ በሞቴ» እያልን ብርሌውን በየደቂቃው የምንሞላበት የእኛ ደግነት እንዲህ ያለ ልጓም የለውም፤ በዚህ ነገር እነሱ ይበልጡናል።

የማይበልጡበትም አለ። ለሴቶች የተነሣው ጽዋ ከሁሉም ረጅሙና ከሁሉም ያማረው ነበር። ወንዶቹ ቆመው ጠጡ። የተነገረላቸው ሴቶች አብዛኞቹ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት ኻቻፑሪ ይጋግሩ ነበር፤ አስተርጓሚዬ ንግግሩን ስትተረጉምልኝ በአንድ እጇ ባዶ ሰሐን ትሰበስብ ነበር። ጠየቅኳት። «ንግግሩ ቆንጆ ነው፤ ሰሐኑን ግን ማን ያጥበዋል?» አለችኝ። ሴት ታማዳ አሁን አሁን ከተማ ውስጥ እንዳለ፣ ከጓደኞቿ ጋር ሲሆኑ እሷም እንደምትሆን ነገረችኝ። እዚያ ቤት ግን አይታሰብም።

ትብሊሲ ስመለስ፣ ዋልነት ሻጯ እንዳሉት ዘመድ የሌለኝ ነኝና፣ ከሱቅ ገዛሁ። ይህንንም ለማድረግ ጥቂት ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። በሶቪየት ዘመን የጆርጂያ ወይን በፋብሪካ በብዛት ይሠራ ነበር፤ ገበያው ሩሲያ ነው፣ የሩሲያ ገበያ ደግሞ ለስለስ ያለውን ጣፋጭ ቀይ ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1985 ጎርባቾቭ በመጠጥ ላይ ባስነሡት ዘመቻ ብዙ የወይን ተክል ተነቀለ። በ2006 ሩሲያ የጆርጂያን ወይን ጨርሳ አገደች። እገዳው እስከ 2013 ሲቆይ ጠማቂዎቹ ለሌላ አገር ገዢ መሥራት ነበረባቸው፤ ያ ገዢ ደግሞ ጥራቱን ጠየቃቸው፣ የአያቶቻቸውንም ክቬቭሪ ፈለገው። ቅጣቱ ሳያስቡት ጠቀማቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በዚያ መካከል የከሰሩት ቤተሰቦች ግን እንዲህ አይሉም።

ስለዚህ መደርደሪያው ፊት ሲቆሙ ሦስት ነገር ያያሉ። በክቬቭሪ የተጠመቀው ጠርሙሱ ላይ ይጻፍበታል፤ ነጭ ተብሎ ቀለሙ የጠጅ ከሆነ ያ ነው። ሳፔራቪ ጭማቂው ራሱ ቀይ የሆነ ፍሬ ነው፤ ደረቁ ለጥብስ ሥጋ ነው፣ ወጣት ከሆነም ቀደም ብሎ ተከፍቶ ወደ ማንቆርቆሪያ ቢገለበጥ ቁጣው ይበርድለታል። ሦስተኛው ኪንድዝማራውሊና ኽቫንችካራ የመሰሉት በከፊል ጣፋጭ የሆኑ ቀዮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ከካኼቲ ሳፔራቪ ነው፣ ሁለተኛው ስታሊን ይወደው ነበር እየተባለ የሚነገርለት የራቻ ወይን ነው። ስኳሩ በኋላ የተጨመረበት አይደለም፤ ፍሉ ሳያልቅ በቅዝቃዜ እንዲቆም ተደርጎ የቀረ የፍሬው ስኳር ነው። የወይን አዋቂ ነን የሚሉ ወጣት ጆርጂያውያን ይህን ሦስተኛውን «የሩሲያ ቱሪስት መጠጥ» ብለው ይንቁታል። ሻጩም ሳነሣው ቅንድቡን አነሣ። እኔ ገዛሁት፤ ምክንያት ነበረኝ።

ምክንያቴ ዶሮ ወጥ ነው። የእኛም የበዓል ማዕድ ከሱፕራ ጋር አንድ ባሕርይ አለው፤ በተራ አይመጣም። ዶሮው፣ ሥጋው፣ አይቡ፣ ጎመኑ በአንድ ትሪ ላይ ይሰፍራል፣ ከሁሉም በአንድ እጅ ይቆረሳል። ስለዚህ የአውሮፓው የተራ ምክር ለእኛ አይሠራም፤ እንደ ካኼቲ ሰዎች አንድ ወይን መምረጥ አለብን። ግን የእነሱን ወይን እንዳለ ልንወስደው አንችልም። እነሱ ዘንድ የሚታረመው የዋልነት ቅባት ነው፤ እኛ ዘንድ በርበሬ ነው። ድድ የሚይዝ ደረቅ ወይን በርበሬ ላይ ሲፈስ ሁለቱም ይብሳሉ፤ አልኮሉ ማቃጠሉን ያቀጣጥለዋል፣ መጎምዘዙም ወደ ምሬት ይሄዳል። ጥቂት ስኳር ግን በርበሬውን ያለዝበዋል። ጠጅ ከጥንት ጀምሮ ይህን ሲያደርግልን ኖሯል። አዲስ አበባ ውስጥ በበዓል ቀን ከጉደሩ ይልቅ ወደ አክሱማይቱ፣ ከዝዋይ ወይኖችም በከፊል ጣፋጭ ወደ ሆነው አካሺያ እጁን የሚሰድደውን ሰው «ወይን አያውቅም» የሚሉ አሉ። እኔ የሚያውቀው እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ፊቱ ያለውን ምግብ ያውቃል።

ስለ ማቅረቡም ሁለት ቃል። የጠጅ ቀለሙ ወይን ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው አይጠጣም፤ በጣም ሲቀዘቅዝ መጎምዘዙ ይጎላል። ክቬቭሪው ተቀብሮ የሚኖርበት መሬት ቀዝቃዛ እንጂ በረዶ አይደለም፤ 14 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። ጣፋጩ ቀይ ከዚያ ትንሽ ቀዝቀዝ ይበል። ደረቁ ሳፔራቪ እስከ 18 ቢደርስ ግድ የለም፤ በጥር የአዲስ አበባ ሳሎን ሌሊት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ብርጭቆው አይሙላ፤ ሲሞላ ይሞቃል፣ ሰውም ለመጨረስ ይቸኩላል።

ጥር 12 ቀን፣ ቃና ዘገሊላ፣ እናቴ ቤት ሦስቱንም ፈተንናቸው። ጽዋው ሳይነሣ ማንም እንዳይጠጣ ብዬ አጎቴን ታማዳ አደረግኳቸው፤ ዓመት በዓል መራቂ ናቸውና ሥራው አልከበዳቸውም፣ ለማቆም ነው የቸገራቸው። ከዶሮው ጋር ኪንድዝማራውሊው አሸነፈ፣ ማንም አልተከራከረም። ደረቁ ሳፔራቪ ከጥብሱ ጋር ሄደ፤ አዋዜ የነካው ሰው ግን ወዲያው አስቀመጠው። የጠጅ ቀለሙ ከአይቡና ቅቤ ከበዛበት ጎመን ጋር እንዳሰብኩት ሆነ። አክስቴ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንሥተው አዩትና፣ «ይኼ ጉሽ ነው እንዴ? ማሩስ የት ሄደ?» ብለው ቀጂው ጠጅ እንዲያመጣላቸው አዘዙ። ቁርጡ ሲቀርብ እኔም ብርሌ አስቀርቤያለሁ።